ቤት ከምስጥ የሚጠበቀው መሠረቱ ላይ ነው፦ «በአንድ ቀን ይገላገሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ግቢዎ ውስጥ ምስጥ ካዩ በአንድ ቀን ይገላገሉ» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ብዙ ሰው ያጋራው ያለ ምክንያት አይደለም። በነጆ፣ በመንዲ፣ በጊምቢ፣ በአሶሳም ዙሪያ በባሕር ዛፍ ቋሚ የተሠራ ቤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ እግሩ ተበልቶ ሲያዘነብል ማየት የተለመደ ነው። ጸሐፊው ችግሩን አላጋነነም፤ አጻጻፉም ግልጽ ነው። ከሰጣቸው ምክሮች ግን አንዱ ሰው ይገድላል፤ ከቀሩት ከፊሉ ግማሽ እውነት፣ ከፊሉ ከንቱ ወጪ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ግቢ ውስጥ ምስጥ ወይም ኩይሳ ከታየ ቤቱ ቀድሞ ተይዟል። ኩይሳው ተቆፍሮ ንግሥቲቱ ከወጣች መንጋው በሙሉ ያልቃል። ቆፍሮ ማውጣት ያልቻለ ሰው የፎስቶክሲን ክኒን ኩይሳው ውስጥ ጥሎ ይድፈነው። የቤቱን ቋሚ የተቃጠለ ዘይት መቀባትና ዙሪያውን ናፍጣ ማፍሰስ ምስጥ እንዳይደርስ ያደርጋል። አቅም ያለው የብሎኬት ቤት ይሥራ፤ ምስጥ ሲሚንቶ አይበላምና። በመጨረሻም በዓመት አንዴ ግድግዳውን ማላታዮን የሚባለውን ፀረ ተባይ መርጨት ይበቃል።

«ግቢ ውስጥ ከታየ ቤቱ ተይዟል» ከሚለው እንጀምር። በአገራችን ከ60 በላይ የምስጥ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሣር ብቻ የሚያጭዱ፣ እበትና የወደቀ ቅጠል የሚበሉ፣ አፈር ውስጥ ካለ ብስባሽ የሚኖሩ አሉ። አጥር ሥር ያለ ኩይሳ ስለ ቤቱ እንድንመረምር ያስገድደናል እንጂ ቤቱ መበላቱን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ያለው ቤቱ ላይ ነው። በመሠረቱ ድንጋይ፣ በቋሚውና በበሩ ክፈፍ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ እርሳስ የሚያህል የአፈር ቦይ ወይም እንጨቱን እንደ ምርጊት የሸፈነ ስስ አፈር መኖሩ ይታያል። እንጨቱ በመፍቻ እጀታ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጥ እንደሆነ ይደመጣል። ቦይ ከተገኘ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመቱን ሰብሮ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ማየት ነው፤ ከተጠገነ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። ካልተጠገነ ግን ትተውት ሄደዋል ብሎ መደምደም አይገባም፤ በሌላ በኩል መንገድ አውጥተው ሊሆን ስለሚችል የቀረውን ዙሪያ መፈተሽ ያስፈልጋል።

በዝናብ መግቢያ መብራት ላይ የሚሰበሰበው አሸንም ሰውን ያስደነግጣል። ክንፍ ያለው ጉንዳንም በዚያው ሰሞን ስለሚወጣ መለየት ይገባል፦ የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፣ ወገቡ ወፍራም ነው፤ የጉንዳን የፊት ክንፍ ከኋላው ይረዝማል፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቀንድም እንደ ክርን ይታጠፋል። ከውጭ በርሮ የመጣ አሸን ቤት መበላቱን አያሳይም። ከቤቱ ወለል ወይም ከግድግዳው ውስጥ ከወጣ ግን መንጋው ከሥር ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ከዚህ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው በተቃራኒው ሲነበብ ነው። ኩይሳ የሌለበት ሰው «እኔ ጋ የለም» ብሎ ይዘናጋል። ማይክሮተርመስ የሚባሉት ጥቃቅን ምስጦች ከመሬት በላይ ኩይሳ አይሠሩም፤ ጎጆአቸው አፈር ውስጥ ተበታትኖ ያለ ትንንሽ ክፍል ነው። ኦዶንቶተርመስ ከሚባሉትም የብዙዎቹ ጎጆ ከመሬት በላይ ምንም ምልክት አያሳይም።

ንግሥት ስለማውጣት የተጻፈው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ ጉልበት የሚፈስበት እሱ ነውና። ሥራው ከንቱ አይደለም። በወለጋ ገበሬዎች በዘመቻ ወጥተው ኩይሳ ሲያፈርሱና ንግሥት ሲያወጡ ኖረዋል፤ በማሳና በግጦሽ መሬት ላይ የምስጡን ብዛት ይቀንሳል። ቤት ይጠብቃል የሚለው ግን አይከተልም። ትልቁን ኩይሳ የሚሠራው ማክሮተርመስ ምግብ ፍለጋ ከኩይሳው እስከ 50 ሜትር ድረስ ከመሬት በታች ይሄዳል። በከተማ ቦታ ስፋት ይህ ማለት የእርስዎን ቋሚ የሚበላው መንጋ ንግሥት ሦስተኛው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። በአንድ ኩይሳ ውስጥ ከአንድ በላይ ንግሥት የሚገኝበትም ጊዜ አለ፤ አንዷን አውጥቶ ጉድጓዱን የደፈነ ሰው መንጋውን እንዳለ ትቶታል። ንግሥቷ በእርግጥ ብትወጣ እንኳ ሠራተኞቹ በዚያ ቀን መብላት አያቆሙም፤ ለሳምንታት ይቀጥላሉ፣ አንዳንዴም ተተኪ ያሳድጋሉ። በየዓመቱ ደግሞ አዲስ አሸን ይፈላል፤ ክንፉን ጥሎ አፈር ውስጥ የገባ አንድ ጥንድ አዲስ መንጋ ይጀምራል።

መቆፈር ለሚፈልግ አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጫፉ ወደ ታች ከማፍረስ ከጎን፣ ከመሬቱ ደረጃ ጀምሮ ወደ መሃል መግባት ይሻላል። የንግሥቷ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከመሃሉ ግርጌ፣ በመሬቱ ልክ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከዙሪያው አፈር በጣም የጠነከረ የሸክላ ክፍል ስለሆነ ዶማው ሲያገኘው ይታወቃል። ንጉሡም ከእሷ ጋር ነው፤ እሱም መውጣት አለበት። ክፍሉ ሲገኝ አጠገቡ ሌላ እንደሌለ ለማረጋገጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ዙሪያውን መፈተሽ ነው። ጉድጓዱ በደረቅ አፈር በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ ልል ሆኖ ከቀረ ክረምት ውኃ ያቁራል። ኩይሳው መሠረቱን ተደግፎ የቆመ ከሆነ ግን ከመሠረቱ ግርጌ በታች መቆፈር ግድግዳውን ይሰነጥቃል። እዚያ ላይ ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ገፎ በኋላ የምናነሣውን የአፈር ሕክምና ማድረግ ይሻላል።

አሁን ወደ ፎስቶክሲን። ይህን የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢዘለው ይህንን አይዝለል። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የሚመዝነው አንዱ ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታችና ወደ ጎን ይሄዳል። ኩይሳ ደግሞ ዝግ ዕቃ አይደለም፤ ከሥሩ በየአቅጣጫው የሚወጡ መተላለፊያዎች አሉት፤ ቤቱ የሚበላ ከሆነም ከመተላለፊያዎቹ አንዱ የሚያበቃው ሰው በተኛበት ክፍል ወለል ሥር ነው። አፉን በጭቃ መድፈን ጋዙን ወደዚያ ይገፋዋል። ፎስፊን ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው ሰውነት እስኪቋቋመው መደገፍ ብቻ ነው። «ብዙ ሰው ተጠቅሞ ምንም አልሆነም» የሚለው የጽሑፉ መከራከሪያ የሚያሳየው የእነዚያ ሰዎች ኩይሳ ከመኝታ ቤታቸው ጋር አለመገናኘቱን ብቻ ነው።

ምክሩን ሰምቶ አስቀድሞ የጨመረ ካለ ሰውም እንስሳም ከቤት ይውጣ፤ በርና መስኮት ይከፈት። ኩይሳው ላይ ውኃ ማፍሰስ ጋዙን ያፋጥነዋልና ፈጽሞ አይደረግ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደረት መጨነቅ ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ፤ የተጠቀመበትን ዕቃ ስምም ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ተቃጠለ ዘይት ጸሐፊው የሚለው በከፊል ልክ ነው፤ ያዘገያል። ሆኖም ዘይቱ የሚሸፍነው ላዩን ብቻ ነው። ባሕር ዛፉ እርጥብ ሳለ ከተቀባ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ያልተቀባ እንጨት ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው የቋሚው ጫፍ፣ ምስጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ሳይቀባ ይቀራል። ከጊዜ በኋላ ምስጡ በዘይቱ ላይ የአፈር ቦዩን ሠርቶ ያልፋል። ጭቃም ዘይት በጠጣ ቋሚ ላይ በደንብ አይይዝም፤ ምርጊቱ ሲላቀቅ በጭቃውና በእንጨቱ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት ለምስጥ ከዓይን የተሰወረ መንገድ ነው። አሮጌ ዘይት ከሞተር የወጣ ብረትና መርዛም ነገር ስላለበት በባዶ እጅ መቀባት አይገባም። ናፍጣ ማፍሰስ ግን ምንም የሚደገፍበት ነገር የለውም፦ የነካውን ምስጥ ይገድላል፣ ተንኖ ያልቃል፣ አትክልቱን ያደርቃል፣ የጉድጓድ ውኃ ያበላሻል፣ ምድጃ አጠገብ ደግሞ እሳት ነው።

በዘይት የተሞከረውን ሥራ በትክክል የሚሠራው እንጨቱን ከአፈር ማለያየት ነው። በየቋሚው ሥር 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የወረደና ከመሬት በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ብቅ ያለ የኮንክሪት እግር ይፈሳል፤ ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር። ከመድረቁ በፊት ባለ 12 ፌሮ ወይም ቋሚውን ከሁለት ወገን የሚይዝ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ይተከልበታል፤ ቋሚው በብሎን ይታሰራል። በእግሩና በቋሚው መካከል ከዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ጠርዙ ወደ ታች በ45 ዲግሪ የታጠፈ የላሜራ ቆብ ይገባል። ቆቡ ምስጥ አይገድልም። ጥቅሙ ምስጡ ዞሮ እንዲያልፍ ማስገደዱ ነው፤ ሲዞር ቦዩ በግልጽ ይታያል፣ ይሰበራል። ሥራው የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው፦ የላሜራው መጋጠሚያ ሳይበየድ ወይም ሳይደፈን ሲቀር፣ ብረቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ በሬንጅ ሳይዘጋ ሲቀር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የግድግዳው ምርጊት ከቆቡ በታች እስከ መሬት ሲለሰን። የመጨረሻው ስህተት ቆቡ እንዳልነበረ ያደርገዋል።

የቆመ ጭቃ ቤት ያለው ሰውም ይህንን አንድ በአንድ ማድረግ ይችላል። ከቋሚው አጠገብ ከላይ ያለውን አግዳሚ ተሸክሞ የሚቆም ድጋፍ ይደረጋል፤ የተበላው እግር ከመሬት በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆረጣል፤ የቀረው ጉቶ ከነሥሩ ይወጣል፤ እግሩ ይፈሳል፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ ከቆየ በኋላ ድጋፉ ይነሣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች ባንድ ጊዜ አይቆረጡም።

እንጨት ለሚመርጥ ሰው የጥድና የወይራ ልብ ምስጥን በተፈጥሮ ይቋቋማል፤ የዳር ነጩ ክፍላቸው ግን አይቋቋምም። እንደ መብራት ምሰሶ በግፊት መድኃኒት የጠጣ ባሕር ዛፍ ከተገኘ በሥራ ቦታ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ እስከ መሃሉ ላይዘልቅ ይችላል። ቁራጩ አይነደድ፤ አርሰኒክ ያለበት ዓይነት አለ።

«የብሎኬት ቤት አይነካም» የሚለው በሰፈሩ ሁሉ የሚሰማ ነገር ነው። እውነት ነው፣ ምስጥ ሲሚንቶ አይበላም፤ ያልፍበታል። የብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። በሊሾ ስንጥቅ ወይም በቧንቧ መግቢያ በኩል የገባ ምስጥ በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ማንም ሳያየው ወደ በሩ ክፈፍ፣ ወደ ኮርኒሱና ወደ ጣሪያው እንጨት ይወጣል። የጭቃ ቤት ቢያንስ ሲበላ ይታያል፤ በብሎኬት ቤት ግን የሚታወቀው የኮርኒሱ እንጨት ሲጎብጥ ነው። ለጥቃቅኖቹ ምስጦች 1 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ይበቃል። ስለዚህ ሲሠራ የመጀመሪያው የብሎኬት ረድፍ ቀዳዳው በኮንክሪት ይሞላ፤ ከመሠረቱ ላይ የግድግዳውን ሙሉ ስፋት የያዘ ያልተቋረጠ ግሬድ ቢም (ብረት ያለው አግድም ኮንክሪት) ይሁን፤ ቧንቧ የሚገባበት ክፍተት በሲሚንቶ ሳይደፈን ሊሾ አይፈስ። ከሊሾ በታች በሚሞላው አፈር ውስጥ ሥር፣ የፎርም ጣውላ፣ የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት እንዳይቀበር መቆጣጠር የባለቤቱ ሥራ ነው። ግንበኛ ወረቀቱንና ጣውላውን ወደ ሙሌቱ መጣል ይቀለዋል፤ ቤቱ ገና ሳይገባበት ለምስጥ ስንቅ ይቀመጥለታል። ሊሾው ከፈሰሰ በኋላ ለሰባት ቀን ውኃ ከጠጣ ስንጥቁ ይቀንሳል።

ለሁሉም ቤት ደግሞ መሠረቱ ከመሬት በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር እንደተራቆተ ይኑር። የአበባ መደብ ወይም ጥራጊ አፈር ግድግዳው ላይ ሲከመር ያ ማየት የምንችልበት ቦታ ይጠፋል።

የመጨረሻው ነጥብ ማላታዮን ግድግዳ ላይ መርጨት ነው። ሁለት ስህተት አለበት። ምስጥ የሚመጣው በአፈርና በእንጨት ውስጥ ተሸፍኖ ስለሆነ ግድግዳው ላይ የተረጨውን አይነካውም። ማላታዮን ደግሞ አፈር ውስጥ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የሚፈርስ መድኃኒት ነው፤ «በዓመት አንዴ» የተባለው ከባሕርዩ ጋር አይሄድም። መኝታ ቤትና የእህል ጎታ ባለበት ክፍል ውስጥ መርጨቱ የሚጎዳው ነዋሪውን ነው።

መድኃኒት መጠቀም ካስፈለገ የሚደረገው ከመሠረቱ ጋር በተያያዘው አፈር ውስጥ ነው። ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ዙሪያውን ይቆፈራል፤ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በፌሮ ወደ ታች ይወጋል፣ ከመሠረቱ ግርጌ ግን አይወርድም። ወደ ቦዩና ወደ ቀዳዳዎቹ የሚፈሰው የመድኃኒትና የውኃ ድብልቅ ልኩ በአንድ ሜትር ርዝመት፣ ለ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 5 ሊትር ነው። 6 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 28 ሜትር ስለሆነ ለዚህ ጥልቀት 140 ሊትር ይጠጣል። መድኃኒቱ በሊትር 200 ግራም ያለው ኢሚዳክሎፕሪድ ከሆነ ለ0.05 በመቶ ድብልቅ በአንድ ሊትር ውኃ 2.5 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ለ140 ሊትር 350 ሚሊ ሊትር ነው። የዕቃው ጽሑፍ ሌላ ልክ ካለው የዕቃው ጽሑፍ ይበልጣል። የሚመለሰው አፈርም በድብልቁ ይርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ባለ 16 ሊትር የጀርባ ፓምፕ ሞልቶ ዙሪያውን ይረጭና «ሠራሁ» ይላል። ያ የሚያርሰው የላዩን አፈር ብቻ ነው፤ ምስጡ ከሥር ያልፋል። አንድ ሜትር እንኳ ሳይታከም ከቀረ መግቢያው እሱ ይሆናል።

ኢሚዳክሎፕሪድና ፊፕሮኒል ምስጡ ሳያውቃቸው አልፎባቸው የሚሞትባቸው መድኃኒቶች ስለሆኑ ይመረጣሉ፤ እንደ ሳይፐርሜትሪን ያሉት ያባርሩታል፣ ያልታከመ ክፍተት ካለ ግን ያንኑ ይፈልጋል። ክሎርፒሪፎስ የተባለው ሌላ መድኃኒት በየሱቁ ቢገኝም፣ ቶሎ የማይፈርሱ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች በ2025 እ.ኤ.አ. እንዲወገድ ከወሰኑባቸው ኬሚካሎች ጋር ስላስገቡት አዲስ ሥራ በእሱ መጀመር አንመክርም። ኢሚዳክሎፕሪድም ፊፕሮኒልም ንብን ይገድላሉ፤ ቀፎ ያለበት ግቢ አበባ ላይ ጠብታ እንዳይደርስ ይጠንቀቅ። የውኃ ጉድጓድ በ30 ሜትር ውስጥ ካለ ኬሚካሉ ይቅርና የኮንክሪቱ እግርና የላሜራው ቆብ ይሠራ። ዝናብ ሊጥል ባለበት ቀን ወይም አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሳለ አይደረግም። ጓንት፣ ቦት ጫማና የአፍ መሸፈኛ የግድ ነው፤ ልጆችና ዶሮዎች አፈሩ እስኪደርቅ አይቀርቡም። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተባይ ማጥፊያ መመዝገብ አለበት፤ በውኃ ላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ ዕቃ ምን እንደሆነ ማወቅ ስለማይቻል አይገዛ።

ጸሐፊው ማገዶ ከግድግዳ ላይ ይነሣ ያለው ትክክል ነው፤ በድንጋይ ወይም በብረት መቆሚያ ላይ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ ይደርደር። እርጥብ ካርቶን ቀብሮ ምስጥ ማጥመድ ያለውም መንጋ አይጨርስም እንጂ ምስጥ መኖሩን ለማወቅ ይጠቅማል። ቅደም ተከተሉን ግን እናስተካክለው፦ ቤቱ ሳይጠበቅ የግቢው ጉቶና ቅጠል ሁሉ በአንድ ቀን ከተጠረገ ለለመዱት ምስጦች የቀረው ምግብ ቤቱ ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ መሠረቱ፣ ከዚያ ግቢው።

ሥራው ካለቀ በኋላ በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ በባትሪ መብራት ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል፤ ከመታጠቢያ ቤቱ ኋላ፣ ከሮቶው ሥርና ቧንቧ በሚገባበት በኩል ይበልጥ። በኋላ ቧንቧ ለማስገባት ወይም አጥር ለመትከል በታከመው አፈር ውስጥ የተቆፈረ ቦታ ካለ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ያ ክፍል ብቻ በሜትር 5 ሊትር ሒሳብ እንደገና ይታከማል።